ባሕሩ ዓይኑን የሚጨፍንበት ሰዓት

የገመዱ መሰላል ከመርከቧ ጎን ጋር እየተላተመ ሲወዛወዝ፣ ኦኪር ሦስተኛው እርከን ላይ ደርሶ ነበር። ከታች፣ ካመጣችው፣ ሳምቡክ ከምትባል የሸራ ጀልባ ላይ ሆነው፣ አጎቱ ሼኽ ሀዳብ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከልለው በበጃ ቋንቋ ጮኹ። ከላይ ያሉት ነጮች እንዳይሰሙ ሳይሆን ሰምተው እንዳይገባቸው ነበር።

«ኦኪር፣ ሰዓቱን እንዳትረሳ።»

«አልረሳም፣ አጎቴ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መልሕቃቸውን ከድንጋዩ ውጭ ይጣሉ። ነገ ጠዋት እናስገባችኋለን በላቸው። ሌላ ቃል አትጨምር።»

«የመንግሥት መርከብ እኮ ናት።»

«ብትሆንስ? መንግሥት ድንጋይ ላይ ሲወጣ ድንጋዩ ተነሥቶ እጅ ይነሣል?»

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። ኦኪር ግን አልሳቀም፤ እጁ ገመዱ ላይ ነበረና ወደ ላይ ቀጠለ።

በቀይ ባሕር ዳር፣ በደሴት ላይ በተሠራችው በሱዋኪን ከተማ ሰባት ሩባኖች ነበሩ። ሩባን መርከብን በኮራሉ ድንጋዮች መካከል አሳልፎ ወደ ከተማዋ የሚያስገባ ሰው ነው፤ መንገዱን ልጅ ከአባቱ ይማረዋል እንጂ ከወረቀት አያነበውም። ልጁ ዕድሜው ሲደርስ በመስጊድ፣ በሌሎቹ ሩባኖች ፊት፣ ቁርዓን ላይ እጁን ጭኖ ምልክቶቹን ለባዕድ ላይናገር ይምላል። በዚያው ዕለት ስሙ የተቀረጸበት የብር ማኅተም ይሰጠዋል። ኦኪርም እንዲሁ ምሎ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ።

ከመሐላው ጋር አንድ አባባል ነበር። የውጭ አገር ካፒቴን ሁሉ የሚሰማው፣ ሰባቱም በአንድ አፍ የሚሉት፦ «ከቀትር በኋላ ባሕሩ ዓይኑን ይጨፍናል።» ግማሹ እውነት ነው። ጠዋት ፀሐይ ከኋላ ስትሆን ኮራሉ ከውሃው ሥር ተጋድሞ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣና ውሃው የተወለወለ ናስ ይሆናል። አንድ ክንድ ወደ ታች አይታይም። ስለዚህ ቀትር ካለፈ መርከብ አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ያድራል። ውጭ ያደረ መርከብ ደግሞ ውሃውንና ፍየሉን ከሩባኖቹ ዘመዶች ሳምቡክ ላይ ይገዛል። ከሁሉም በላይ፣ ደጅ የሚጠናበት በረኛ ይከበራል።

ሌላውን ግማሽ ማንም አይናገረውም። በዚያ ሰዓት ከከተማዋ ጀርባ ያሉት ተራሮች በፀሐዩ ላይ ጥቁር ሆነው፣ በመቀስ የተቆረጡ ያህል ጥርት ብለው ይወጣሉ። ሩባን ውሃውን ማየት አያስፈልገውም። ተራሮቹን እያየ መግባት ይችላል።

ካፒቴኑ ቀላ ያለ፣ አንገቱ አጭር ሰው ነበር። ከጎኑ በቱርክ አጠራር ቢምባሺ የሚባሉት ሻለቃ ሃርዊክ ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን መሐንዲስ፣ የሹመት ምልክታቸው በአቧራ የደበዘዘ። በስተኋላ የፋይል ጥቅል በብብቱ የያዘው ኢስካንደር አፈንዲ ነበር። ኢስካንደር የሶርያ ሰው ነው፤ ለመንግሥት እያስተረጎመ በደሴቲቱ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል።

«እንግባ ወይ ነው የሚሉት» አለ ኢስካንደር።

«ከቀትር በኋላ ባሕሩ ዓይኑን ይጨፍናል» አለ ኦኪር። «ነገ ጠዋት ነው።»

ኢስካንደር ወዲያው አልተረጎመም። ቢምባሺው ለመስማት ጎንበስ ቢሉም ኢስካንደር ወደ ኦኪር ዞረ፤ አንድ የባሕር ቃል የሚያጣራ መስሎ።

«ስማኝ፣ ኦኪር። ይህን የምልህ እንደ አስተርጓሚ አይደለም። ሰውየው የመጡት ለጉብኝት አይምሰልህ። ከዓባይ ባቡር ሊዘረጋ ነው። ባቡሩ የሚያርፍበት ቦታ ለአገሩ ሁሉ አንድ ትልቅ የንግድ ወደብ ይሠራበታል፤ ጥጡም፣ ሙጫውም፣ ሐጃጁም በዚያ ይወጣል። የቀረው የባሕር ዳር ሁሉ ዓሣ አጥማጅ ይሆናል። ገባህ?»

«ወደቡማ እኛ ነን። ሌላ የት አለ?»

«ሼኽ በርጉት።»

ኦኪር ፈገግ አለ። «መቃብሩ? ሙታንን ሊያራግፉ ነው?»

«አትቀልድ። ሁለት ወረቀት ተጽፎ ተዘጋጅቷል። አንዱ ሱዋኪን ትሰፋ፣ ድንጋዩም በባሩድ ይፍረስ የሚል ነው። ሌላው ሱዋኪን ትቅር ይላል። ሰውየው እስከ ዛሬ አልፈረሙም። ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ነው፤ የቀኑ ግማሽ የተዘጋ በር ወደብ ይሆናል ወይ ነው። እኔ ልጄን የቀበርኩት እዚህ ነው። አንተ ያልከውን ያንኑ እተረጉማለሁ፤ ግን የምትለውን ዕወቅ።»

«ምን አለ?» አሉ ቢምባሺው በእንግሊዝኛ። ይህችን ያህል ኦኪርም ይገባው ነበር።

ኦኪር ከመርከቧ ጎን ወደ ታች ተመለከተ። ሳምቡኳ ትንሽ ራቅ ብላ ትጠብቃለች። አጎቱ ነጭ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ተቀምጠዋል፤ መልሕቅ ሲወርድ አይተው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው። ከተማዋ ከሩቅ ነጭ ሆና ትታያለች። ይህች ከተማ በድርቡሽ ዘመን ዓመታት ሙሉ ተከባ፣ ጥይት በየመስኮቷ እየገባ፣ አልተሰበረችም። በዚያ ዘመን የኦኪር አባት ሙሉ ወታደር የጫነ መርከብ በአሥራ አንድ ሰዓት አስገብተዋል። ማንም አልጠየቀም፤ ጦርነት ነበር። ሲያበቃ አባቱ ከሌሎቹ ጋር ወደ ገዢው ቢሮ ሄደው፣ ከቀትር በኋላ መግባት አይቻልም ብለው በማኅተማቸው አረጋገጡ።

«መግባት ይቻላል በላቸው» አለ ኦኪር።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አስገባታለሁ። አሁን።»

ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ቢምባሺው አንድ ጊዜ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ፀሐይ አዞረች። ከሳምቡኳ ላይ አንድ ድምፅ መጣ። ቃሉ አልተሰማም፤ የአጎቱ ድምፅ እንደሆነ ግን ኦኪር ዐወቀው፤ ወደዚያ አላየም።

የሐነፊው መስጊድ ሚናራ ጫፍ በሁለተኛው ተራራ ትከሻ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ቀጥ ብሎ አስነዳ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ትንሽ። ውሃው ነድዶ ነበር። ከፊት የቆመው መርከበኛ ወደ ታች እያየ ምንም እንደማይታየው ጮኸ። ካፒቴኑ እጁን ወደ ማቆሚያው ሰደደ።

«እንዳያቆም» አለ ኦኪር። «እዚህ ከቆመች ሞገዱ ወደ ጎን ይወስዳታል። በግማሽ ፍጥነት ትሂድ።»

ኢስካንደር ሲተረጉም ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ካፒቴኑ ከንፈሩን ነክሶ እጁን መለሰ። በቀኝ በኩል፣ ሁለት መቅዘፊያ በማይሞላ ርቀት፣ ባሕሩ ነጭ አረፋ ደፍቶ ተመለሰ፤ ድንጋዩ በዚያ አለ። ኦኪር አላየውም። ዓይኑ የግመል ሻኛ በሚሏት ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከበሽተኞች ለይቶ ማቆያው ቤት ግድግዳ ጥግ ብቅ ስትል እጁን ዘረጋ፣ መሪ ያዡም አዞረ። ከዚያ በኋላ ውሃው ጸጥ አለ፤ ማጀት የገባ ያህል።

በደሴቲቱ ላይ ሰው ጣሪያ ላይ ወጣ። ከእንጨት መስኮቶቹ ጀርባ የሴቶች ጥላ ተንቀሳቀሰ። በዚህ ሰዓት መርከብ ሲገባ ያዩት በከበባው ጊዜ ብቻ ነበርና፣ አንዳንዱ ጦርነት መጣ ብሎ ሱቁን ዘጋ።

መልሕቁ ሲወርድ ካፒቴኑ ግንባሩን ጠረገና የኦኪርን ትከሻ መታ። ቢምባሺ ሃርዊክ ፈገግ አሉ። በልጅነታቸው የሚያምሩ እንደነበሩ ያስታውቅ ነበር። በመርከቧ ባለው ክፍላቸው አስቀምጠውት ሻይ አስመጡለት፤ ኢስካንደርም ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ስንት ነው ይላሉ።»

«ሰባታችንም» አለ ኦኪር። ኩራት ይዞት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሙያውን ሙሉ ልክ ለሰው መናገሩ ነበርና።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአያቶቻችን ጀምሮ።»

ኢስካንደር ብዕሩን አስቀመጠ። «ኦኪር፣ ይህን ልተርጉም?»

«ተርጉም። እውነት ነው። ሱዋኪን በጠዋትም በማታም ክፍት ናት። ይኸው፣ ራሳቸው አይተዋል።»

ተረጎመ። ቢምባሺው ሻያቸውን አልጠጡም። ፋይሉን ፈትተው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ዐሥራ ሰባት ነበሩ። የቆዩት በቱርክኛ፣ አዲሶቹ በዐረብኛ፤ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ። መርከብ ውጭ ባደረና ባለቤቶቹ ለገዢው አቤቱታ ባቀረቡ ቁጥር ሩባኖቹ ተጠርተው የሰጡት ቃል ነው። ከሥሩ የሩባኖቹ ማኅተም። አባቱ። አጎቱ። ድራር። በአምስቱ ላይ የራሱ የኦኪር ማኅተም አለ፤ በአንዱ ላይ ጠርዙ ትንሽ ተዛብቷል፣ ያን ቀን ተቻኩሎ እንደነበር ትዝ አለው፤ የሠርጉ ሳምንት ነበር።

ቢምባሺው የተናገሩት ሳይቆጡ ነው። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ኢስካንደር በየዐረፍተ ነገሩ እየቆመ ተረጎመለት።

«ድንጋይ በባሩድ ይፈርሳል ይላሉ። እስከ ዛሬ ጠዋት ላፈርሰው አስቤ ነበር ይላሉ። ግን… ድንጋዩ አይደለም ችግሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰባት ሰዎች ለመንግሥት የፈለጉትን ነገሩት፤ መንግሥትም አመነ። የአገር በር በሰባት ሰዎች ራስ ውስጥ ተቆልፎ ወደብ አይሠራም ይላሉ።»

ኦኪር ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋው።

«ይጻፉ እንግዲህ። ቁልፉን ልስጣቸው።»

«ምን?»

«ምልክቶቹን። ብዕርህን አንሣ።»

መሐላውን ያፈረሰው ያን ጊዜ ነበር። ሚናራው በየትኛው ትከሻ፣ የግመል ሻኛ ከየት ሲወጣ፣ ሦስተኛው ምልክት፣ ከአባቱ በቀር ማንም ያልነገረው አራተኛው። እየተናገረ ደረቱ ይቀልለው ነበር፤ በቀለለው መጠንም ይፈራ ነበር። ኢስካንደር ጻፈ፤ ሁለት ገጽ ሞላ። ቢምባሺው በትሕትና እስከ መጨረሻው ሰሙት።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ። ኢስካንደር ወረቀቱን እያየ፣ ኦኪርን ሳያይ፣ ተረጎመው።

«ይህኛው እውነት ስለመሆኑ በየትኛው ማኅተም ታረጋግጣለህ ይላሉ።»

ስድስቱ ሩባኖች በጉምሩኩ በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ማንም ቦታ አልለቀቀለትም፤ ቆመ።

«መንገድ ጠፍቶህ ነው ወይስ ሰዓት?» አለ ድራር። ከሰባቱ ቀልደኛው እሱ ነው፤ ያን ዕለት ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ለባለቤትህ ሰዓት እንግዛላት፤ ሲጨልም ትንገርህ።»

«ተወው» አሉ ሼኽ ሀዳብ። ከዚያ ወደ ኦኪር ቀና አሉ። «ምን ነገርካቸው?»

«ሁሉንም።»

«ተራሮቹንም?»

«ተራሮቹንም። ባቡሩ ሌላ ቦታ ሊሄድ ነው፣ አጎቴ። ከተማዋን ሊተዋት ነው። ከእርስዎ ጋር ለመማከር ጊዜ አልነበረም።»

ሽማግሌው ሊቆጡ የተነሡ መሰሉና መልሰው ተቀመጡ። ኦኪር የጠበቀው እርግማን ነበር። መሐላ ያፈረሰ ሩባን ምን እንደሚባል ከልጅነቱ ያውቃል።

«እና፣ አመኑህ?» አሉ።

«አላመኑኝም።»

ሼኽ ሀዳብ ሳቁ። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻን ብቻ የሚነቀንቅ ሳቅ ነበር፤ ሲያቆሙ ዓይናቸው ረጥቧል።

«አየህ» አሉ። «ሥራችንን እንዴት አሳምረን እንደሠራን።»

ቤቱ ሲደርስ ሲተና የምትባለው ባለቤቱ የማሽላ ገንፎውን ከወተቱ ጋር አቅርባ ነበር። መርከቧ ስትገባ ከመስኮቱ ማየቷን ነገረችው፤ ጎረቤቶች አንተ ነህ ሲሉ አላመንኩም አለችው። የሱዋኪን ቤት በኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ያማረ፣ ግን በየዓመቱ ኖራ ካልተቀባ የባሕሩ ጨው እየበላ የሚያፈርሰው። የአባቱ ቤት ሦስት ፎቅ ነው።

«የዘንድሮው ኖራ በአሥራ አምስት ቀን ይደርሳል ብለዋል» አለች። «የሰሜኑ ግድግዳ መላጥ ጀምሯል። ከሱ እንጀምር?»

ኦኪር ጎርሶ ሲያላምጥ ቆየ። እኛው ካልኖርንበት ለማን ነው የምንቀባው ሊላት ፈለገ፤ ግን እስከ ዛሬ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

«ከሱ ጀምሩ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት መርከቧ ወደ ሰሜን እንድትሄድ ታዘዘ። ሩባን ያስፈልጋታል፤ ከድንጋዮቹ ወጥታ የባሕር ዳሩን ይዛ ትሄዳለች። ሼኽ ሀዳብ «የጀመረው ይጨርሰው» ብለው ላኩ፤ ተራው የድራር ቢሆንም። ኦኪር ወጣ። በመውጫው ላይ ፀሐይ ከፊት ነበረች። ማንም የማይጠይቀውን ምልክት ሁሉ በልቡ እየቆጠረ አሳለፋት።

አምስት ሰዓት ያህል ሄዱ። ተራሮቹ በስተግራ እየራቁ፣ የባሕር ዳሩ ዝቅ እያለ፣ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ። ሰው አልታየም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሦስት ግመሎች ውሃ ዳር ቆመው መርከቧን በዝምታ አሳለፏት። ከዚያ የሼኽ በርጉት ነጭ መቃብር ወጣ። ሳምቡከኛ ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ለሼኹ እፍኝ ቴምር ወደ ባሕር ይጥላል፤ ኦኪር ቴምር አልያዘም ነበር። ዱዓ ብቻ አደረገ።

ይህን ቦታ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ማዕበል ሲነሣ ዓሣ አጥማጅ የሚጠጋበት ባዶ ሰርጥ ነው። ከትልቅ መርከብ ላይ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም። አፉ ሰፊ ነበር። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አረፋ የለ፣ ከሥር ቢጫ የሚል ድንጋይ የለ፣ የሚታጠፉበት ጥግ የለ።

ኦኪር «በግማሽ ፍጥነት» ሊል አፉን ከፈተ። ካፒቴኑ ግን ቀድሞ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር፤ ወደ ኦኪር አልዞረም። ንቆት አልነበረም፤ የሚጠይቀው ነገር ስላልነበረው ነው። ከፊት ጥልቀት የሚለካው መርከበኛ ገመዱን ጣለና ቁጥር ጠራ፤ እንደገና ጣለና ከፍ ያለ ቁጥር ጠራ። ሦስተኛውን ጊዜ ገመዱ አልበቃውም። ቢምባሺ ሃርዊክ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር። በዚያ ባዶ ዳርቻ ላይ የሚያዩት ነገር እንዳለ ፊታቸው ይናገራል። መጋዘን፣ ሐዲድ፣ የእቃ ማንሻ ረድፍ። ኦኪርም ሊያይ ሞከረ። አሸዋ ብቻ ነበር።

ወደ ሰርጡ መካከል ሲደርሱ ከካፒቴኑ መድረክ ወረደ። ውረድ ያለው የለም፤ ቆይ ያለውም የለም። በገመዶቹ ክምር ላይ ተቀመጠ። የመልሕቁ ሰንሰለት ረጅም ጊዜ ወረደ፤ ከሱዋኪን ሁለት እጥፍ።

ቆየት ብሎ ኢስካንደር አፈንዲ መጣና አጠገቡ ቆመ። ፋይሉን አልያዘም።

«ፈረሙ?» አለ ኦኪር።

«ዛሬ ጠዋት። ገና ሳንነሣ።»

«እንግዲያው ለምን አመጡኝ?»

«ሕጉ ሩባን ይኑር ስለሚል።» ኢስካንደር ወደ ዳርቻው እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን እኔ አይደለሁም የምለው፤ ላኩኝ። ሥራው በሚቀጥለው ክረምት ይጀመራል። ለመሠረቱ ኮራል ድንጋይ ከባሕሩ መቆረጥ አለበት። ድንጋዩ የት እንደሚወፍር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል ይላሉ። የቀን ሥራ ነው። ከሱዋኪን ሰው ይመጣል ወይ ነው ጥያቄው።»

ኦኪር እጁን ተመለከተ። የገመድ እንጂ የመዶሻ እጅ አልነበረም። ስለ ሰሜኑ ግድግዳ አሰበ፤ ስለ ድራር አምስት ልጆች አሰበ፤ በመደቡ ላይ ተቀምጠው የማይመጣ መርከብ ስለሚጠብቁት አሰበ።

«ስንት ሰው ይፈልጋሉ?»

«የተገኘውን ያህል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እኔን ጨምረህ ስድስት በል» አለ ኦኪር። «አጎቴ አርጅተዋል።»